የንጣፍ ሣር አፈር ዝግጅትና አነጣጠፍ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ንጣፍ ሣር የሚባለው በእርሻ ላይ ተዘርቶ ጥቅጥቅ ብሎ ካደገ በኋላ ከስስ አፈሩ ጋር እየተገነጠለ በጥቅል ወይም በቁራጭ የሚቀርብ ሣር ነው። ባዶ የነበረውን ግቢ በአንድ ቀን አረንጓዴ ስለሚያለብሰው ብዙ ሰው ድካሙ ሁሉ በማንጠፉ ላይ ያለ ይመስለዋል። ዳሩ ግን ሣሩ ሲገነጠል አብዛኛው ሥሩ እርሻው ላይ ተቆርጦ ይቀራል፤ በአዲሱ ቦታ የሚተርፈውም ሌላ ሥር አብቅሎ ወደ ታች መስደድ ሲችል ብቻ ነው። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች በአፈሩ ላይ ረዘም ብለው የሚቆዩት በዚህ ምክንያት ነው።

ሣሩ የራሱን አፈር ይዞ ከመጣ ከሥር ያለውን መሬት ማዘጋጀት ለምን ያስፈልጋል?

ሣሩ ይዞት የሚመጣው አፈር ውፍረት ብዙውን ጊዜ ከ1.5 እስከ 2.5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ይህ መጠን ሣሩን ከእርሻው እስከ ግቢው ድረስ ያደርሰዋል፤ ከዚያ በኋላ ግን ሥሩ ቢያንስ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው፣ አየርና ውኃ የሚያሳልፍ ልል አፈር ይፈልጋል። ከሥር ያለው መሬት ደረቅና ጠጣር ከሆነ ሥሩ በስሱ አፈር ውስጥ ተጠቅልሎ ይቀራል፤ ሣሩም ጥልቀት በሌለው ሳህን ላይ እንደተተከለ ተክል ይሆንና በአንድ ሞቃት ቀን ውስጥ ይጠወልጋል።

ቤት በቅርቡ የተሠራበት ቦታ የተለየ ጥንቃቄ ይሻል። በግንባታ ጊዜ ለሙ የላይኛው አፈር ተጠርጎ ይሄድና ከመሠረት የወጣው ድሃ አፈር በቦታው ይበተናል፤ በላዩም ከባድ መኪና ይመላለስበታል። የሲሚንቶ ፍርፋሪና የልስን ትርፍራፊ ሲታከልበት አፈሩ አልካላይን፣ ማለትም የአሲዳማ ተቃራኒ፣ ይሆናል፤ ሣሩም ብረትን የመሳሰሉ ንጥረ ነገሮችን ከአፈሩ መውሰድ ይሳነውና ቢጫ ይሆናል። ሣሩ ከተነጠፈ በኋላ እነዚህን ጉድለቶች ለማረም ያለው ዕድል እጅግ ጠባብ ነው፤ መሬቱን እስከ ታች የመቆፈር ዕድል የሚገኘው አንድ ጊዜ፣ እሱም ከማንጠፍ በፊት ነው።

በአሮጌው ሣር ወይም በአረሙ ላይ ማንጠፍ ይቻላል?

አይቻልም። ከሥር የሚበሰብሰው አሮጌ ሣር አዲሱ ሥር ከአፈር ጋር እንዳይገናኝ ይጋርደዋል፤ ያልሞተው ደግሞ በመጋጠሚያዎቹ በኩል ሰንጥቆ ይወጣል። አሮጌው ሣር ከነሥሩ ተገፎ መነሳት አለበት።

ከአረም ሁሉ አስቸጋሪዎቹ እንደ ሰርዶና እንግጫ ያሉት ከመሬት በታች በሚሄድ ግንድ ወይም በአኮራች፣ ማለትም አፈር ውስጥ አብጦ በሚያቆጠቁጥ ክፍል፣ የሚራቡት ናቸው። እነዚህን በማረሻ ሞተር መፍጨት ማባዛት ነው፤ እያንዳንዱ ቁራጭ ራሱን ችሎ ይበቅላልና። የተሻለው ዘዴ በባለ ጥርስ መቆፈሪያ እያነሱ በእጅ መልቀም፣ ከዚያም መሬቱን ውኃ አጠጥቶ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት መጠበቅና አቆጥቁጦ የወጣውን እንደገና መልቀም ነው። ጊዜ ያለው ሰው በሞቃት ወራት እርጥቡን መሬት ብርሃን በሚያሳልፍ ፕላስቲክ ጥብቅ አድርጎ ሸፍኖ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ቢያቆየው ከፕላስቲኩ በታች የሚፈጠረው ሙቀት ከላይ ያለውን የአረም ዘር አብዛኛውን ይገድለዋል፤ ጥልቅ ሥር ያላቸውን ግን ሙሉ በሙሉ አያጠፋም። ፀረ አረም የሚጠቀም ሰው በመያዣው ላይ የተጻፈውን የመቆያ ጊዜ አንብቦ ይጠብቅ። ዘር እንዳይበቅል የሚከለክሉት ዓይነቶች የአዲሱን ሣር ሥርም ስለሚገቱ ከማንጠፍ በፊት አይረጩም።

አፈሬ ምን ዓይነት እንደሆነ በምን አውቃለሁ?

ቀላሉ መንገድ ብርሃን በሚያሳልፍ ማሰሮ ነው። እስከ ሲሶው ድረስ አፈር ጨምረው ውኃ ይሙሉበት፣ አጥብቀው ይነቅንቁትና ያስቀምጡት። አሸዋው በደቂቃዎች ውስጥ ከታች ይዘቅጣል፣ ደለሉ ሰዓታት ይፈጅበታል፣ ሸክላው ግን አንድ ቀንና ከዚያም በላይ ይቆያል። የንብርብሮቹ ውፍረት የአፈሩን ጠባይ በግልጽ ያሳያል።

ውኃ የማስረጉን ነገር ለመመርመር 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍሮ በውኃ መሙላት፣ ውኃው ከሰረገ በኋላ እንደገና መሙላትና በሁለተኛው ጊዜ በሰዓት ስንት ሴንቲ ሜትር እንደወረደ መለካት ነው። በሰዓት 2.5 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ቢወርድ መልካም ነው፤ ከ1 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ሣሩ ከመምጣቱ በፊት ለፍሳሹ መላ መፈለግ ይኖርበታል።

ሁለቱም ዘዴዎች የላቦራቶሪ ምርመራን አይተኩም። ለምርመራ የሚላከው ናሙና ከአንድ ጥግ ብቻ የተዘገነ መሆን የለበትም፤ ከ10 ያላነሱ ቦታዎች እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ተቆፍሮ፣ ተቀላቅሎና ደርቆ ይላካል። ለአብዛኞቹ የሣር ዓይነቶች የሚስማማው የአፈር ፒኤች፣ ማለትም የአሲዳማነትና የአልካላይንነት መለኪያ፣ ከ6 እስከ 7 ነው። ፒኤቹ ከዚህ ወርዶ አፈሩ አሲዳማ ከሆነ የእርሻ ኖራ፣ ከዚህ ወጥቶ አልካላይን ከሆነ ሰልፈር ይጨመርበታል፤ መጠኑ ግን እንደ አፈሩ ዓይነት በጣም ስለሚለያይ ከምርመራው ውጤት መወሰድ አለበት። ሳይመረመር በግምት ኖራ መበተን የተለመደ ስህተት ነው፤ የአፈር ፒኤች አንዴ ከልክ በላይ ከወጣ መልሶ ማውረድ ዓመታት ይወስዳል።

ሸክላማውን አፈር አሸዋ ቀላቅዬ ላለዝበው?

ይህን ምክር ብዙ ሰው ይሰጣል፤ እኔ ግን አልደግፈውም። ሸክላ እጅግ ደቃቅ ስለሆነ ትንሽ አሸዋ ሲጨመርበት በአሸዋው ቅንጣቶች መካከል ያለውን ክፍተት ሁሉ ይሞላዋል፤ ድብልቁም ሲደርቅ ጡብ ይመስላል። ጠባዩ እንዲለወጥ ከአፈሩ አብላጫው አሸዋ መሆን ነበረበት፤ ለአንድ ግቢ ያን ያህል አሸዋ ማጓጓዝ ደግሞ የሚታሰብ አይደለም። ሸክላን የሚያፍረከርከው በደንብ የበሰለ ኮምፖስት ነው። የሚያስደስተው ነገር ውኃ ለማይዘው አሸዋማ አፈርም መድኃኒቱ ይኸው ኮምፖስት መሆኑ ነው፤ እርጥበትንና ንጥረ ነገሮችን ይዞ ያቆይለታል።

ኮምፖስቱ ምን ያህል ይሁን? እንዴትስ ይቀላቀላል?

በመሬቱ ላይ ከ2.5 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አልብሶ ከላይኛው 15 ሴንቲ ሜትር አፈር ጋር ማዋሐድ በቂ ነው። ለ100 ካሬ ሜትር ስፋት 5 ሴንቲ ሜትር ማልበስ ማለት 5 ሜትር ኩብ ኮምፖስት ማለት ነው፤ ቦታው ላይ ሲከመር ከሚገመተው በላይ ብዙ ስለሆነ አስቀድሞ ማስላት ይገባል። የበሰለ ኮምፖስት ጥቁር፣ ፍርክስክስና የአፈር ሽታ ያለው ነው። ያልበሰለ ፍግ ግን ሥሩን ያቃጥላል፤ የአረም ዘርም ይዞ ይገባል።

መሬቱ በጣም ከጠጠረ መጀመሪያ በዶማ ወይም በማረሻ ሞተር ይፈለፈላል፣ ድንጋዩና የዛፍ ሥሩ ይለቀማል፣ ከዚያ ኮምፖስቱ ይበተንና እንደገና ይታረሳል። አፈሩን እንደ ዱቄት እስኪልም መፍጨት አያስፈልግም፤ የአተርና የባቄላ ፍሬ የሚያህል እንክብል ሲኖረው ውኃና አየር በደንብ ያሳልፋል።

ከሌላ ቦታ ለም አፈር አስመጥቶ የሚያለብስ ሰው አንድ ነገር ልብ ይበል። አዲሱ አፈር በጠጣሩ አሮጌ መሬት ላይ እንደ ንብርብር ከተቀመጠ ውኃው በሁለቱ መካከል ይቆማል፤ ሥሩም እዚያው ሲደርስ ይታጠፋል። ስለዚህ አሮጌው መሬት አስቀድሞ ይቆፈራል፣ ከአዲሱ አፈር የተወሰነው ከእሱ ጋር ይቀላቀላል፣ የቀረው ከላይ ይለብሳል።

አፈሩ እርጥብ ሆኖ ሳለ መቆፈር ይቻላል?

አንድ ጭብጥ አፈር ይጨብጡና በአውራ ጣትዎ ይጫኑት። ፍርክስ ካለ ለሥራ ዝግጁ ነው፤ እንደ ሊጥ ከተድበለበለ ሁለት ሦስት ቀን ይጠብቁ። ሸክላማ አፈር በጭቃነቱ ከተቆፈረ አየር የሚያልፍባቸው ቀዳዳዎች ይደፈናሉ፤ ሲደርቅም ጓል በጓል ይሆናል።

መሬቱን እንዴት ልደልድል? ከፍታውስ ምን ያህል ይሁን?

ትዕግሥት የሚጠይቀው፣ ብዙዎችም የሚያልፉት ሥራ ይህ ነው። ሣር እብጠትና ስርጉድ አይሸሽግም፤ እንዲያውም በማጨድ ጊዜ እብጠቱ እየተላጨ ስርጉዱ እየረዘመ ጉድለቱን ያጎላዋል።

ድልዳሉ ሁለት ዓላማ አለው። የመጀመሪያው ውኃ ከቤቱ እንዲርቅ ማድረግ ነው፤ ለዚህም መሬቱ ከግድግዳው እየራቀ በሄደ ቁጥር በአንድ ሜትር ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ማለት አለበት። ሁለት ችካል ተክሎ ሲባጎ መወጠርና በውኃ ልክ መለካት በዓይን ከመገመት እጅግ ይሻላል፤ ዓይን በተለይ አጥር ወይም የታጠፈ መንገድ አጠገብ ሲሆን ያሳስታል። ሁለተኛው የሣሩን ውፍረት ማሰብ ነው። በንጣፍ ድንጋይ፣ በእግረኛ መንገድና በውኃ መርጫ ጫፎች ዙሪያ አፈሩ ከእነሱ 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ መጨረስ አለበት፤ አለዚያ ሣሩ ከመንገዱ በላይ ይቆምና ጠርዙ ይደርቃል፣ የዝናብ ውኃም ወደ መንገዱ ይመለሳል።

መሬቱ በጥርሳም መጥረጊያ ከተስተካከለ በኋላ ውኃ የተሞላ ቀላል መዳመጫ አንድ ጊዜ ማሳለፍ ወይም መሬቱን በደንብ አጠጥቶ ጥቂት ቀናት ማቆየት የሚሰምጠው ቦታ አስቀድሞ እንዲሰምጥ ያደርጋል። የውኃ ቧንቧ ለመቅበር የተቆፈሩ ቦዮች በተለይ መስጠማቸው የማይቀር ነው። በመሬቱ ላይ ሲራመዱ የእግርዎ ዱካ ከ1 ሴንቲ ሜትር ብዙ ሳይዘልቅ ከቀረ ልኩ ደርሷል። ከዚያ በላይ ከሰመጠ ገና ልል ነው፤ ዱካው ጭራሽ ካልታየ ደግሞ ከልክ በላይ ተዳምጧልና ላዩን በመጥረጊያ ፋቅ ፋቅ ማድረግ ያስፈልጋል።

ከማንጠፍ በፊት ማዳበሪያ ልጨምር?

ምርመራው ፎስፈረስ እንደሚያንስ ካሳየ አሁን ነው ጊዜው፤ ፎስፈረስ በአፈር ውስጥ ብዙ ስለማይንቀሳቀስ ሥሩ ወደሚደርስበት ቦታ አስቀድሞ መቀላቀል ይኖርበታል። ኖራም እንዲሁ። ናይትሮጅን ግን ብዙ አይጨመርም፤ ሥር በሚያስፈልግበት ሰዓት ቅጠል ያበዛልና። ቀጣዩ ማዳበሪያ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ቆይቶ ይሰጣል።

ለማንጠፍ የሚመቸው ወቅት የትኛው ነው?

መልሱ እንደ ሣሩ ዝርያ ይለያያል። የሞቃት አየር ሣሮች የሚባሉት፣ ሰርዶና ዞይሲያን የመሰሉት፣ ሥራቸው በደንብ የሚያድገው የአፈሩ ሙቀት ከ24 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በሚሆንበት ጊዜ ነው። እንደ ፌስኪውና ራይግራስ ያሉት የቀዝቃዛ አየር ሣሮች ደግሞ ከ10 እስከ 18 ዲግሪ ይስማማቸዋል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ሙቀቱ መጨመር ሲጀምር፣ ሁለተኛዎቹን አየሩ ቀዝቀዝ ሲል ማንጠፍ ይመረጣል። ምድር በውርጭ ካልደነደነች በስተቀር በሌላም ጊዜ ይቻላል፤ የሚለወጠው የውኃው መጠንና የድካሙ ብዛት ነው።

ምን ያህል ሣር ልዘዝ? ተራግፎ ስንት ቀን ይቆያል?

የቦታውን ስፋት በካሬ ሜትር ለክተው ለቁርጥራጭ ከ5 እስከ 10 በመቶ ይጨምሩ፤ ጠመዝማዛ ጠርዝ ያለው ግቢ ወደ 10 ይጠጋል።

ስለ መቆያው ጊዜ ግን ጠበቅ አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ። የተጠቀለለ ሣር ሕይወት ያለው ነገር ነው፤ ይተነፍሳል፣ ሲተነፍስም ሙቀት ያወጣል፤ በክምሩ መካከል የታመቀው ሙቀት ሣሩን ይቀቅለዋል። ከተገነጠለ በ24 ሰዓት ውስጥ መነጠፍ አለበት፤ በሞቃት ቀን ከዚያም ቀደም ብሎ። እጅዎን ወደ ጥቅሉ ውስጥ ሲያስገቡ ሙቀት ከተሰማዎት ወዲያው ዘርግተው ጥላ ውስጥ ያድርጉት። ሣሩ የሚታዘዘውም አፈሩ ሙሉ በሙሉ ከተዘጋጀና ውኃው ከተሰናዳ በኋላ ነው፤ ሣሩ በር ላይ ተከምሮ መሬት የሚቆፈርበት ቀን ሁልጊዜ ለሣሩ ክፉ ቀን ነው።

አነጣጠፉ በምን ቅደም ተከተል ይሁን?

መሬቱ ጭቃ ሳይሆን እርጥብ ይሁን፤ የጋለ ደረቅ አፈር የሚያቆጠቁጠውን ሥር ይለበልበዋል። ሥራው ከረጅሙ ቀጥተኛ ጠርዝ፣ ከመንገድ ዳር ወይም ከተወጠረ ሲባጎ ይጀመራል። የመጀመሪያው ረድፍ ከቀና ሌላው እሱን ተከትሎ ይቀናል። የሁለተኛው ረድፍ መጋጠሚያዎች ከመጀመሪያው ጋር እንዳይገጥሙ እንደ ጡብ ግንብ እያፈራረቁ መሄድ ያስፈልጋል፤ መጋጠሚያዎቹ አንድ መስመር ላይ ከዋሉ ውኃ ቦይ አድርጎ ይሄድባቸዋል።

ቁራጮቹ አፍ ለአፍ ተጠጋግተው ይነካካሉ፤ አይደራረቡም፣ አይጎተቱምም። የተጎተተ ሣር ሲደርቅ ይሰበሰብና ክፍተት ይተዋል። ትናንሽ ቁርጥራጮች በመሃል ይሁኑ እንጂ በጠርዝ አይቀመጡ፤ በጠርዝ ያለ ትንሽ ቁራጭ ከሁሉ ፈጥኖ ይደርቃል። ለመቁረጥ የተሳለ ቢላዋ፣ ለመንበርከክ ደግሞ ጣውላ ያዘጋጁ፤ በጉልበትና በእግር የተጨፈለቀ ድልዳል ከሣሩ በታች እንደጎደጎደ ይቀራልና።

ሥራው ካለቀ በኋላ መዳመጫውን ቀለል አድርጎ ማሳለፍ ከሣሩ በታች የቀረውን አየር ያስወጣል። ከአፈር ጋር ያልተነካካ ሥር በአየር ውስጥ ይደርቃል።

ግቢዬ ተዳፋት ነው፤ የተለየ ነገር አለው?

ቁራጮቹ ከላይ ወደ ታች ሳይሆን ተዳፋቱን አግድመው፣ ከታች ተጀምረው ወደ ላይ ይነጠፋሉ። ዳገቱ ከበረታ እያንዳንዱ ቁራጭ በእንጨት ችካል ይያዛል፤ ሣሩ ሥር ከሰደደ በኋላ ችካሉ ይነቀላል።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ውኃ እንዴት ላጠጣ?

ማጠጣቱ ሥራው እስኪያልቅ አይጠብቅም። አንድ ክፍል እንደተነጠፈ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ውኃ ይጀምርለታል፤ ሌላ ሰው ጎማ ይዞ ቢከተል ይመረጣል። የመጀመሪያው ውኃ ከሣሩ አልፎ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ያለውን አፈር ማርጠብ አለበት። ይህን ለማወቅ ከላይ ማየት አያስተማምንም፤ የአንዱን ቁራጭ ጥግ ገልጦ የታችኛውን አፈር በጣት መንካት ያስፈልጋል።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የሣሩ ታች ለአንድ ቀንም መድረቅ የለበትም። በሞቃትና ነፋሻ ቀን በቀን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ቀለል አድርጎ ማጠጣት ሊያስፈልግ ይችላል፤ በዳመናማ ቀን አንዴ ይበቃ ይሆናል። ሲረግጡት የሚንቦጫቦጭ ከሆነ ግን በዝቷል፤ ውኃ የሞላው አፈር አየር ስለሌለው ሥሩ ይበሰብሳል፣ ፈንገስም ይጀምረዋል። ከሁለት ሳምንት በኋላ የማጠጫው ቀን እየተራራቀ፣ የአንዱ ጊዜ መጠን እየጨመረ ይሄዳል፤ የላዩ አፈር ሲደርቅ ሥሩ እርጥበትን ተከትሎ ወደ ታች ይወርዳል። ሥር የሰደደ ሣር ዝናብን ጨምሮ በሳምንት 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ውኃ ይበቃዋል፤ ይህም ለአንድ ካሬ ሜትር 25 ሊትር ነው። ባዶ ጣሳዎችን በየቦታው አስቀምጦ ውኃ መርጫው በስንት ደቂቃ ምን ያህል እንደሚሞላ መለካት ግምትን ያስቀራል። የተመረጠው ሰዓት ማለዳ ነው፤ ቅጠሉ ሌሊቱን ሙሉ እርጥብ ሆኖ ካደረ ለፈንገስ በሽታ ይጋለጣል።

ሥር መስደዱን በምን አውቃለሁ? መቼስ ልጨደው?

ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ጥጉን ቀስ ብለው ወደ ላይ ይሳቡት። አልነሳም ካለ ሥሩ መሬቱን መያዝ ጀምሯል። ሥሩ ጠልቆ እስኪወርድ ግን ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል፤ ልጆች እንዲሯሯጡበት መፍቀድም ቢያንስ ከሦስት ወይም ከአራት ሳምንት በኋላ ይሁን።

የመጀመሪያው አጨዳ ሣሩ ከያዘ በኋላ፣ መሬቱ ጠንከር እንዲል ውኃው አንድ ሁለት ቀን ተገትቶ ይደረጋል። ከቁመቱ ከሲሶ በላይ በአንድ ጊዜ አይቆረጥም፤ ቅጠሉን ያጣ ሣር ያለውን ኃይል ቅጠል ለመተካት ያውለውና ሥር ማብቀሉን ያቆማል። የማጨጃው ስለት ካልተሳለ ደግሞ ሳይቆርጥ ይነጨዋል፤ አዲሱን ሣርም ከመሬቱ ሊነቅለው ይችላል።

ጠርዞቹ ቢጫ ሆኑ፣ መጋጠሚያዎቹም ተከፈቱ፤ ምን ላድርግ?

ሁለቱም የድርቀት ምልክት ናቸው፤ መጋጠሚያና ጠርዝ ከመሃል ቀድሞ ይደርቃልና። ክፍተቱን ከግቢው አፈርና ከኮምፖስት በተሠራ ድብልቅ ሞልተው በዚያ መስመር ላይ በጎማ ተጨማሪ ውኃ ይስጡ። መሃሉ ላይ ቢጫ ክብ ካዩ ግን ገልጠው ይመልከቱ፤ ከታች ድንጋይ፣ የሲሚንቶ ቁራጭ ወይም አየር ያለበት ጉድጓድ ይገኝ ይሆናል። የጅብ ጥላ ብቅ ብቅ ቢል አይደንግጡ፤ በአፈሩ ውስጥ ያለው ኮምፖስትና የእንጨት ስብርባሪ ሲበሰብስ የሚወጣ ነው፣ ሣሩን አይጎዳውም፣ ውኃው ሲቀንስም ይጠፋል።

በትልቅ ዛፍ ሥር ማንጠፍ ይቻላል?

ሣር በቀን ቢያንስ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ቀጥተኛ ፀሐይ ይፈልጋል፤ ጥላ የሚችሉትም ዝርያዎች ቢሆኑ ጭራሽ ያለ ብርሃን አይኖሩም። ከዚህ በተጨማሪ ዛፉ ራሱ ከሣሩ ጋር ውኃ ይሻማል። ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ለሣሩ ሲባል በዛፉ ዙሪያ የሚከመረው አፈር ነው። የዛፍ መጋቢ ሥሮች አብዛኞቹ በላይኛው አፈር ውስጥ ስለሚገኙ በላያቸው ላይ ብዙ አፈር ሲለብስ አየር ያጥራቸዋል፤ ዛፉም ከዓመታት በኋላ ምክንያቱ ሳይታወቅ ይደርቃል። በማረሻ ሞተር በሥሩ መካከል መፍለጥም ያንኑ ያስከትላል። ስለዚህ በግንዱ ዙሪያ ሰፋ ያለ ክብ ትቶ በቅጠል ወይም በእንጨት ፍርፋሪ መሸፈን፣ ሣሩንም ከዛፉ ጥላ ውጭ ፀሐይ ከሚያገኝበት ቦታ መጀመር ለዛፉም ለሣሩም ይበጃል።